ሻሎን – ክሉኒ – ማኮን – ቱርኑ ዙር በሳይክል (ደቡብ ቡርጎኝ፣ ፈረንሳይ)፦ በየትኛው አቅጣጫ ይሻላል?

ቀጭን ጎማ | ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። በኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ደቡብ ቡርጎኝ ያለውን ዙር ልንሄድ አስበናል። ሁለት አዋቂ፣ የራሱን ሳይክል የሚነዳ የ8 ዓመት ልጅ፣ በጋሪ የምትጎተት የ3 ዓመት ሕፃን። ሐሳቡ ከሻሎን ሱር ሶን ተነስቶ በወይን እርሻው በኩል በጂቭሪና በቡሲ ወደ ክሉኒ መውረድ፣ ከዚያ ማኮን፣ ከማኮን የሶንን ወንዝ ይዞ በቱርኑ በኩል ወደ ሻሎን መመለስ ነው። ጥያቄዎቼ፦ አቅጣጫው እንዲህ ይሁን ወይስ ይገልበጥ? 28 ሚሊ ሜትር ጎማ ይበቃል? ከፓሪስ በባቡር ሳይክሎቹን እንዴት እናምጣ? ደግሞ ወሩ ፍልሰታ ነው፤ በየመንደሩ የጾም ምን ይገኛል?

የሶን ዳር | ምላሽ 1

እንኳን ደህና መጣሽ። መጀመሪያ ርቀቱን እናስቀምጠው፣ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይመጣል።

ሻሎን – ክሉኒ 53 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ክሉኒ – ማኮን 25፣ ማኮን – ቱርኑ 33፣ ቱርኑ – ሻሎን 30። ድምሩ ወደ 140 ይጠጋል። ለብቻው የሚነዳ ሰው በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። የ8 ዓመት ልጅ ካለ አራት ቀን ያዙ፦ ሻሎን – ሳን ዣንጉ፣ ሳን ዣንጉ – ክሉኒ፣ ክሉኒ – ማኮን፣ ከዚያ ቱርኑ። ከቱርኑ ወደ ሻሎን ያለውን ልጁ ከደከመ በባቡር መዝለል ይቻላል፤ ሁለቱም ከተሞች በአንድ የባቡር መስመር ላይ ናቸው።

ምዕራባዊው ግማሽ ቯ ቬርት ይባላል። ድሮ የባቡር ሐዲድ የነበረ፣ ሐዲዱ ተነቅሎ አስፋልት የፈሰሰበት፣ መኪና የማይገባበት መንገድ ነው። ከጂቭሪ እስከ ክሉኒ ያለው 44 ኪሎ ሜትር በ1997 ተከፈተ፤ በፈረንሳይ የዚህ ዓይነት መንገድ ሲከፈት የመጀመሪያው እሱ ነው። ለባቡር የተቆረጠ መንገድ ስለሆነ ዳገቱ ለስላሳ ነው፣ ሕፃን የጫነ ጋሪም አያስጨንቅም። የድሮዎቹ ጣቢያዎች በየመንደሩ ዳር አሉ፤ ጂቭሪ፣ ቡሲና ሳን ዣንጉ ላይ መንገዱ በእነሱ ደጃፍ ያልፋል፣ ለማረፊያም የሚመቹት እነሱ ናቸው።

ምሥራቃዊው ግማሽ ቯ ብሉ ነው፤ ከሉክሰምበርግ ጠረፍ ተነስቶ በሞዜልና በሶን ዳር እስከ ሊዮን የሚወርደው ረጅም መስመር አካል። ሜዳ ነው። ከሻሎን እስከ ማኮን የወንዙ ከፍታ የሚቀንሰው በጥቂት ሜትሮች ብቻ ነው፤ ቆማችሁ ብታዩት ወዴት እንደሚፈስ ለማወቅ ያዳግታል።

አቅጣጫውን በተመለከተ፦ በጻፍሽው ይሁን። ልጁ ገና ብርቱ እያለ ጥላ ባለው በቯ ቬርት ይጀምራል፣ ሲደክም ሜዳው ይጠብቀዋል።

ማርሽ ሦስት | ምላሽ 2

በአቅጣጫው ከየሶን ዳር ጋር አልስማማም። ወሳኙ ዳገት ሳይሆን ነፋስ ነው።

የሶን ሸለቆ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ክፍት ሜዳ ነው። ሰማዩ ጠርቶ አየሩ ደረቅ ሲሆን ቢዝ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ይነሳል፤ ወንዙ ዳር የሚያግደው የለም። በጠየቅሽው አቅጣጫ ከማኮን ወደ ሻሎን ያለው 63 ኪሎ ሜትር በሙሉ ወደ ሰሜን ነው። ቢዝ በፊት ለፊት ሲመጣ በሜዳው ላይ በሰዓት 18 ይሄድ የነበረ ሰው 12 ላይ ይወርዳል፤ ጋሪ የሚጎትተው ደግሞ ከዚያም ያንሳል፣ ምክንያቱም የጋሪው ሸራ እንደ ሸራ ጀልባ ነፋሱን ይይዛል።

ስለዚህ ከመነሳት በፊት በነበረው ምሽት ትንበያውን እዩ። ነፋሱ ከሰሜን ከሆነ በወንዙ ዳር ወደ ደቡብ ውረዱ፣ በቯ ቬርት ተመለሱ፤ እዚያ ዛፉና የሐዲዱ ቁፋሮ ይሸፍናችኋል። ከደቡብ ከሆነ ቀጭን ጎማ እንዳለችው ሂዱ፤ ነገር ግን የደቡብ ነፋስ ብዙ ጊዜ ዝናብ ተከትሎት ይመጣል፣ ፓራፋንጎ የሌለው ሳይክል ጀርባን በጭቃ ይሞላል።

ከማኮን በኩል ወደ ቦዋ ክሌር ዋሻ የሚወጣው ዳገት ከክሉኒ በኩል ካለው ይረዝማል፣ እሱን አልክድም። ሆኖም የባቡር ዳገት ነው፤ ከፊት ትንሹን ማርሽ ይዞ በዝግታ ማሽከርከር ይበቃል።

የሶን ዳር | ምላሽ 3

ለማርሽ ሦስት፦ ለአዋቂ ልክ ነህ። ለ8 ዓመት ልጅ ግን ባለ 20 ወይም ባለ 24 ኢንች ሳይክሉ ስንት ማርሽ እንዳለው ሳናውቅ ከማኮን አስወጡት ማለት ይከብደኛል። ትንበያው ቢዝ ካላሳየ በመጀመሪያው አቅጣጫ እጸናለሁ።

ጠጠር መንገድ | ምላሽ 4

ስለ ዋሻው የሚያውቅ ሰው ዝርዝሩን ቢጽፍ፤ ልጆች ስላሉ ማለቴ ነው።

ማርሽ ሦስት | ምላሽ 5

የቦዋ ክሌር ዋሻ 1.6 ኪሎ ሜትር ነው፣ በክሉኒና በቤርዜ ለ ሻቴል መካከል። መብራት አለው፣ ግን ከኦገስት ፀሐይ ወደ ውስጥ ስትገቡ ዓይን እስኪለምድ ድረስ ምንም አይታይም። የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ የፀሐይ መነጽራቸውን ሳያወልቁ ይገባሉ።

ከመግቢያው በፊት ቁሙ። መነጽር ይውለቅ። የፊትም የኋላም መብራት ይብራ፣ በጋሪው ጀርባም ለብቻው ቀይ መብራት ይታሰር። ሹራብ ይለበስ፤ ውጪ 33 ዲግሪ ቢሆንም ውስጡ እንደ ምድር ቤት ቀዝቃዛ ነው፣ በጋሪ ውስጥ ሳትንቀሳቀስ የተቀመጠች ሕፃን ቀድማ ይበርዳታል። ከጣሪያው ውኃ ስለሚንጠባጠብ ወለሉ በቦታ በቦታው ይርሳል። ልጁን መሐል አድርጉት፣ አንድ አዋቂ ከፊት አንድ ከኋላ።

በክረምት ይዘጋል፤ ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ማርች መጨረሻ ገደማ፣ የሌሊት ወፎች እዚያ ስለሚከርሙ። በዚያን ጊዜ ምልክት የተደረገበት መንገድ በኮረብታው ላይ ያሻግራል፣ እሱ ግን የባቡር ዳገት አይደለም፣ እውነተኛ ዳገት ነው። ለእናንተ በኦገስት ክፍት ነው።

ካላማዳሪ | ምላሽ 6

እኔ የጎማውን ልመልስ።

28 በቯ ቬርት ላይ ይሄዳል፣ አስፋልት ነው። ወንዙ ዳር ግን በቦታ በቦታው የተጠቀጠቀ ደቃቅ ጠጠር አለ፣ ከዝናብ በኋላም ይለሰልሳል። ዕቃ ከተጫነ 35 ወይም 38 ምረጡ። የሳይክሉ ሹካና ፍሬን 28 ብቻ የሚያስገባ ከሆነ አትቀይሩት፣ ብቻ ጠጠሩ ላይ ፍጥነት ቀንሱ።

የጎማው ነፋስ ግፊት ለ35 ሚሊ ሜትር፣ ሰውና ዕቃ አንድ ላይ 90 ኪሎ ገደማ ከሆነ፦ ከፊት 3 ባር፣ ከኋላ ከ3.5 እስከ 4። ለ28 ከኋላ ወደ 6 ይጠጋል። የጋሪው ጎማ ላይ የተጻፈውን ጣሪያ ቁጥር ሳይሆን ከእሱ አነስ ያለውን ሙሉ፤ ሕፃን ቀላል ናት፣ ጎማው ከደረቀ ጋሪው ይነጥራል።

የሚፈነዳው ለምን ነው? ሁለት ምክንያት አለ፣ መለየቱም ቀላል ነው።

አንደኛው እሾህ ነው። በመንገዱ ዳር ያለው አጥር በማሽን ሲከረከም ቁርጥራጩ አስፋልት ላይ ይቀራል። ካላማዳሪው ላይ አንዲት ጥቃቅን ቀዳዳ ታገኛላችሁ። ጠግናችሁ ከመመለሳችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ጥረጉ፤ ጨርቁ የሚይዝበት ቦታ እሾሁ አለ ማለት ነው። በጣት አትፈልጉ፣ ይወጋል። እሾሁን ሳይነቅሉ አዲስ ካላማዳሪ የሚከቱ ሰዎች ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይቆማሉ፣ ከዚያም ካላማዳሪውን ይረግማሉ።

ሁለተኛው ነፋስ ማነስ ነው። የዛፍ ሥር አስፋልቱን ባነሳበት ወይም በመሻገሪያ ጠርዝ ላይ ቸርኪው ካላማዳሪውን ይቆነጥጠዋል፤ ያኔ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይታያል። መፍትሔው ነፋስ መጨመር ነው።

የሚያዝ፦ ለእያንዳንዱ የጎማ መጠን ሁለት ካላማዳሪ (የልጁና የጋሪው መጠን ስለሚለይ በየመንደሩ አይገኝም)፣ ሦስት የፕላስቲክ ማውጫ፣ መለጠፊያ፣ የእጅ ፖምፓ፣ ባለ 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር አለን መፍቻ፣ የሰንሰለት ማያያዣ አንድ። ቫልቮላችሁ ቀጭኑ ፕሬስታ ከሆነ የነሐስ መለወጫ ቁራጭ ጨምሩ፤ የነዳጅ ማደያ ፖምፓ የሚገጥመው ለወፍራሙ ቫልቮላ ብቻ ነው። የዕቃ መደርደሪያውን ብሎኖች በየማታው አጥብቁ፣ ጠጠሩ ያላላቸዋል። ሰንሰለቱንም በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ ነጩ የኖራ ድንጋይ አቧራ ከዘይት ጋር ተደባልቆ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈጨዋል።

ሊዮን ማዶ | ምላሽ 7

ባቡር። ፓሪስ ላይ ከጋር ደ ሊዮን ሳይሆን ከበርሲ ጣቢያ የሚነሳ ቴኤር የሚባል የክልል ባቡር አለ፤ በዲዦን አድርጎ ቦን፣ ሻሎን፣ ቱርኑ፣ ማኮን እያለ ሊዮን ይገባል። ጉዞው ከፈጣኑ ባቡር ከቴዤቬ ይረዝማል፣ ሳይክል ግን ሳይፈታ ይገባል፣ ጭነቱም በነጻ ነው። ቦታው ውሱን ነው፤ አራት ሰው ሁኖ በሐምሌና ነሐሴ ቅዳሜ ጠዋት መሞከር አይመከርም። በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ሂዱ፣ የማስያዝ ግዴታ መኖር አለመኖሩንም ትኬት ስትቆርጡ ለዚያው ቀን አረጋግጡ።

በቴዤቬ ከሆነ ሁለት መንገድ ነው፦ መስቀያ ያለው ባቡር ላይ ቦታ ከፍሎ ማስያዝ፣ ወይም ጎማውን ፈትቶ ከ130 በ90 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ከረጢት መክተት። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማኮን ሁለት ጣቢያ አላት። ቴዤቬ የሚቆመው ማኮን ሎሼ ነው፣ ከከተማው ውጪ። ቴኤር የሚቆመው ማኮን ቪል መሐል ከተማ ነው። ትኬት ሲቆርጡ ይህን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው።

ጋሪው ቴኤር ላይ ታጥፎ እንደ ሻንጣ ነው የሚገባው። የማይታጠፍ ከሆነ በባቡር አታስቡት።

ቀጭን ጎማ | ምላሽ 8

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሪው ይታጠፋል። ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በየመሻገሪያው ያሉት አጥሮች ያሳልፉታል? ደግሞ ባለቤቴ ወይን መቅመስ ይፈልጋል፤ ፍልሰታ ለእኔ እንጂ ለእሱ አልሆነችም።

የሶን ዳር | ምላሽ 9

80 ያልፋል፣ ግን በአንዳንዱ ቦታ በዝግታና ቀጥ ብሎ። ቯ ቬርት የመኪና መንገድ በሚያቋርጥበት ሁሉ እንጨት ወይም ብረት አጥር አለ፣ መኪና እንዳይገባ። ጋሪው ከሳይክሉ መስመር ወደ አንድ ጎን ስለሚወጣ የሚመታው የዚያ ጎን ጎማ ነው። ከሳይክል ውረዱና ግፉ። የ8 ዓመቱን ልጅ በእያንዳንዱ መሻገሪያ እግሩን መሬት አስነኩት፤ ቅድሚያ የመኪናው ነው፣ መንገዱ ረዥም ጊዜ መኪና ስለማያሳይ ልጆች ይዘነጋሉ።

ሄልሜት ከ12 ዓመት በታች ግዴታ ነው፣ ለተጫነችውም ለሚነዳውም። ለእናንተ ግዴታ ባይሆንም ልጁ እያያችሁ ነው። የጆሮ ማዳመጫ እየነዱ ማድረግ ክልክል ነው፣ ቅጣቱ 135 ዩሮ።

ሊዮን ማዶ | ምላሽ 10

ስለ ቅምሻው። የፈረንሳይ ሕግ በደም ውስጥ 0.5 ግራም በሊትር የሚለውን ጣሪያ ለሳይክል ነጂም ያውላል፣ ቅጣቱም እዚያው 135 ዩሮ ነው። ሒሳቡን እንሥራው፦ አንድ ቅምሻ 4 ሴንቲ ሊትር ቢሆን፣ ስድስት ቅምሻ 24 ሴንቲ ሊትር ነው። 13 ፐርሰንት ወይን ውስጥ ይህ ወደ 25 ግራም አልኮል ይሆናል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በባዶ ሆዱ ከጠጣው ጣሪያውን ያልፋል፤ 80 ኪሎ የሚመዝነውም ድንበሩ ላይ ይቆማል። ስለዚህ መትፊያው ባልዲ ጠረጴዛው ላይ ያለው ለጌጥ አይደለም። መትፋት ነውር የለውም፣ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይተፋሉ። ከሁሉ የሚሻለው የቀኑ መንገድ ካለቀ በኋላ መቅመስ ነው።

የት? ጂቭሪ ቀዩ ነው፣ ፒኖ ኑዋር ከሚባለው የወይን ዘር። ቡሲ አካባቢ ሞንታኚ የሚባለው ነጭ ብቻ ነው፣ ሻርዶኔ ከሚባለው ዘር፤ ቡሲ ላይ በ1931 የተመሠረተ የወይን አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ፣ ያለ ቀጠሮ ለሚመጣ ሰው ይህ ከትንንሾቹ ጓዳዎች ይቀላል። ማኮን በኩል ፑዪ ፉዊሴና ሳን ቬራን የሚባሉት ወይኖች አሉ። በማኮንና በቱርኑ መካከል ከወንዙ ወደ ኮረብታው ብትወጡ ሻርዶኔ የምትባል መንደር ራሷ አለች፣ በዩሺዚ አጠገብ፤ ለፎቶ እንጂ ለጋሪ አትመችም።

ጠርሙስ አትግዙ። ሙሉ ጠርሙስ 1.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ስድስቱ ወደ 8 ኪሎ፣ በኦገስት ፀሐይ በሳይክል ቦርሳ ውስጥ ደግሞ ይበላሻል። አብዛኞቹ አምራቾች ወደ ቤት ይልካሉ።

ጠጠር መንገድ | ምላሽ 11

በወይን እርሻ መሐል ለሚያልፍ ሰው አንድ ነገር። በበጋው የእርሻ ወራት እግሩ ረጅም ሆኖ በረድፉ ላይ የሚቆም ትራክተር ፀረ ፈንገስ ይረጫል። ጉሙን ስታዩ ነፋሱ ከየት እንደሆነ ለዩና ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቁሙ፣ እስኪያልፍ ጠብቁ። ሕፃን ካለች ይህ ቀልድ አይደለም። በቅጠሉ ላይ የምታዩት ሰማያዊ አረንጓዴ ነጠብጣብ መዳብ ነው። በዚህ ምክንያትም፣ የሰው ንብረት ስለሆነም፣ ዘለላ አትቅጠፉ።

ወይባ | ምላሽ 12

ለጾሙ እኔ ልመልስ፤ እኅቴ፣ ይቻላል፣ ዕቅድ ይፈልጋል እንጂ።

ዳቦ ቤት ስትገቢ "ባጌት ትራዲስዮን" በዪ። በ1993 የወጣ ደንብ ይህ ዳቦ ከዱቄት፣ ከውኃ፣ ከጨውና ከእርሾ ተቦክቶ ያለ ሌላ ተጨማሪ ኬሚካል እንዲጋገር ያዛል፤ ቅቤም ወተትም የለበትም። ብሪዮሽ፣ ክሩዋሳን፣ "ፓን ኦ ሌ" የሚባለው ሁሉ ቅቤ፣ ወተት ወይም እንቁላል አለው። ጉዤር ብለው ክብ ክብ ነገር ቢያቀርቡ አይብ ነው፣ ከወይን ቅምሻ ጋር ዘወትር ይመጣል፣ ለባለቤትሽ ተዪለት።

ከሱፐርማርኬት፦ የታሸገ ምስር፣ ሽምብራ፣ ራታቱይ (አትክልት በዘይትና በቲማቲም፣ ጀርባውን አንብቢ)፣ የዲዦን ሰናፍጭ። ሰናፍጩ ከምስሩ ጋር ከዳቦ ጋር ሲሆን ጥሩ ስልጆ ይመስላል። ሬስቶራንት ላይ "ሳን ቪያንድ" (ያለ ሥጋ) ብቻ ካልሽ አይብና ክሬም ያለበት ይመጣል፤ "ቬጋን" በዪ።

ትልቁ ችግር ጾም ሳይሆን መዘጋት ነው። በመንደሮቹ ሱቅ ከ12:30 ገደማ እስከ 14:30 ወይም 15:00 ይዘጋል፣ እሑድ ከሰዓት የለም፣ ሰኞ ብዙ ዳቦ ቤት አይከፍትም፣ በኦገስት ደግሞ ጋጋሪው ራሱ ለሁለት ሦስት ሳምንት ዕረፍት ይወጣል። ኦገስት 15 የሕዝብ በዓል ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ቀን ምሳ ዛሬ ማታ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ምግብ ሳትይዙ የምትደርሱባቸው ትልልቆቹ ክሉኒ፣ ማኮንና ቱርኑ ናቸው።

ውኃ፦ በየመንደሩ መካነ መቃብር በር ላይ ቧንቧ አለ። "ኦ ኖን ፖታብል" የሚል ከተጻፈበት አይጠጣም።

የሶን ዳር | ምላሽ 13

ወይባ ስለ መቆሚያ ሳትነግረን ቀረች፣ ልጨምር።

ኮርማታን ላይ የ17ኛው መቶ ዘመን ቤተ መንግሥት አለ፣ አትክልት ሥፍራው ለልጆች ይመቻል። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ቴዜ ናት፣ ከመንገዱ ከፍ ብላ ኮረብታ ላይ። ወንድም ሮዤ በ1940 የመጣባት፣ የተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት ወጣቶች የሚሰበሰቡባት መንደር። በቀን ሦስት ጊዜ ጸሎት አለ፣ ለማንም ክፍት ነው፤ ዳገቱ አጭር ቢሆንም ጋሪውን ትገፋላችሁ።

ክሉኒ ደግሞ ግማሽ ቀን ይገባታል። ገዳሙ በ910 ተመሠረተ፤ ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያኑ የሮሙ ቅዱስ ጴጥሮስ እስኪሠራ ድረስ በምዕራቡ ክርስትና ትልቁ ነበር። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ተሽጦ ድንጋዩ ለግንባታ ተወሰደ፣ ዛሬ የቆመው ከአሥር አንዱ እንኳ አይሆንም። ቱርኑ ላይ የቅዱስ ፊሊቤርን ቤተ ክርስቲያን እዩ፣ ያ ሳይፈርስ የቀረ ነው።

በወንዙ ዳር መንደሮች ግድግዳ ላይ የውኃ ከፍታ ምልክት ብታዩ አትደነቁ፤ በ1840 የሶን ጎርፍ የደረሰበትን የሚያሳዩ አሉ። አሁንም ከክረምት እስከ ፀደይ ዳርቻው ይጥለቀለቃል፣ ከጎርፍ በኋላ መንገዱ ላይ የሚቀረው ስስ ደለል እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በኦገስት ይህ አያሰጋችሁም፤ በማርች የሚሄድ ሰው ግን ቪዢክሩ የሚባለውን የመንግሥት የጎርፍ ካርታ ሳያይ አይነሳ።

ማርሽ ሦስት | ምላሽ 14

ቀኑ ካጠረ ለወደፊት አንባቢ አጭር ዙር ላስቀምጥ፦ ከቱርኑ በኦዝኔና በማርታዪ ወደ ብራንሲዮን ወጥቶ፣ በሻፔዝ ወርዶ ኮርማታን ላይ ቯ ቬርትን መያዝ፤ ከዚያ ክሉኒ፣ ማኮን፣ በወንዙ ተመልሶ ቱርኑ። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከቱርኑ እስከ ኮርማታን ያለው 25 የመኪና መንገድ ነው፣ የብራንሲዮን ዳገትም ቀልድ የለውም፤ ከኋላ 32 ጥርስ ያለው ማርሽ ይኑራችሁ። ለልጅ አይሆንም።

መርዘም ለሚፈልግ ደግሞ ከቦን ይጀምር፦ በፖማር፣ በቮልኔ፣ በመርሶ፣ በፑሊኚ አድርጎ እስከ ሳንትኔ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ በወይን እርሻው ውስጥ ብቻ የሚሄድ ምልክት ያለው መንገድ አለ (ይህ አካባቢ በ2015 በዩኔስኮ ተመዝግቧል)። ከሳንትኔ የሳንትር ቦይን ይዞ በሻኚ በኩል ሻሎን ይገባል።

ቀጭን ጎማ | ምላሽ 15

የቦኑ ለሌላ ዓመት ይቆይልን። ስለዚህ ትንበያው ቢዝ ካላሳየ ከሻሎን በቯ ቬርት፣ ጎማ 35፣ ከበርሲ በሥራ ቀን። አንድ የቀረችኝ፦ ልጁ ዳገት ላይ ቢደክም የሚጎትት የላስቲክ ገመድ አለ፤ ጋሪ ከሚጎትተው ሳይክል ጋር ማሰር ይቻላል?

ካላማዳሪ | ምላሽ 16

ጋሪው ካለበት ሳይክል አይታሰርም። ገመዱ ሲላላ ከጋሪው ጎማና ከመንጠቆው ጋር ይጠላለፋል። ጋሪውን አንዱ፣ ገመዱን ሌላው ይያዝ። ገመዱ ከኮርቻው ሥር ካለው ቱቦ ወደ ልጁ መሪ መሐል ይግባ፣ ወደ መሪው ጫፍ አይሁን፣ አለበለዚያ መሪውን ያጣምምበታል። ቁልቁለት ሳይጀምር ደግሞ ይፈታ፤ ልጁ ፍሬን ሲይዝና የፊተኛው ሳይዝ ነው የሚወድቁት። ከክሉኒ ስትወጡ እሰሩት፣ ዋሻው አፍ ላይ ስትደርሱ ፍቱት።